ለሁለት የተከፈለችው ኪኒን

ሰውን ረሃብ ይገድለዋል፣ ወባ ይገድለዋል፤ እኔን ሊገድለኝ የነበረው ግን የእናቴ ደግነት ነው። እማ ይህ ሲነበብላት «ኧረ አንቺ ልጅ፣ አፉ በይኝ!» ማለቷ አይቀርም። ግን ጻፊው ያለችኝም ራሷ ናት። «ሌላዋ እናት እንዳትሳሳት ብለሽ ጻፊው፤ እኔን ማማት ካለብሽም እሚኝ» አለችኝ። እንግዲህ ላማት ነው።

ስሜ ሉባባ ነው። ተወልጄ ያደግኩት መካነ ሰላም ነው፤ አሁንም እዚያው ከገበያው ጀርባ ልብስ እሰፋለሁ። ኤች አይ ቪ ይዤ ነው የተወለድኩት። አባቴ የሞተው ገና ሳልድህ ነው፤ እማ የራሷንም የእኔንም ያወቀችው ከእሱ ቀብር በኋላ ነው። መድኃኒት የጀመርኩት የወተት ጥርሴን ሳልነቅል ስለሆነ፣ ልጅ የተባለ ሁሉ ጠዋትና ማታ ኪኒን የሚውጥ ይመስለኝ ነበር። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። እማ ሰዓት አታይም፤ ለሱብሂ ስትነሳ የጠዋቱን፣ መግሪብ ሰግዳ ስታበቃ የማታውን ትሰጠኛለች። ኪኒኗ መሃሏ ላይ መስመር አላት፤ በጣት ጫን ሲሏት ቀጥ ብላ ለሁለት ትከፈላለች። መዘዙ የመጣው በዚያች መስመር ነው።

ጎረቤታችን እትዬ ጥሩዬ ትባላለች። ቤታችንና ቤቷ አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው የሚለያቸው፤ እነሱ ሲያስነጥሱ እኛ «ይማራችሁ» እንላለን። እሷ ክርስቲያን፣ እኛ እስላም፣ ግን ለአረፋም ለፋሲካም ድግሱ የጋራ ነበር። ባሏ ጋሽ አያሌው የከብት ነጋዴ ነው፤ በየጊዜው ወረኢሉ ገበያ ይወጣል። ልጃቸው ብርቄ እኩያዬ ናት። ብርቄ ሁልጊዜ ትታመማለች፤ ጆሮዋ ይመግላል፣ ሳሏ አይለቃትም፣ እግሯ እንደ ሸንበቆ ነበር። እንደዚያም ሆና ገበጣ ስንጫወት ታጭበረብረኛለች፤ ስይዛት ደግሞ ትስቅብኛለች።

አንድ ምሽት እትዬ ጥሩዬ ጨው ልትበደር ሳታንኳኳ ገባች። ኪኒኗ ምላሴ ላይ ነበረች። እማ ደንግጣ ብልቃጡን ከቀሚሷ ስር ከተተችው። እትዬ ጥሩዬ ግን አይታዋለች። የጠየቀችው ነገር የለም፤ መሬት ላይ ዘጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች።

«ፋጤ፣ የእኔም ልጅ እኮ እንደዚሁ ናት» አለቻት እማን።

ደሴ እህቷ ጋ ሄዳ በድብቅ አስመርምራት ኖሯል። መድኃኒትም ሰጥተዋት ነበር፤ ሲያልቅ አልተመለሰችም። እዚህ ከተማችን ውስጥ ደግሞ መድኃኒት የሚሰጥበት ክፍል በር ከገበያው መንገድ ፊት ለፊት ነው፤ እዚያ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቤቱ ይገባል።

«አያሌው ከሰማ ያርደኛል። ከየት አመጣሽው ይለኛል» አለች።

እማ ብዙ አላሰበችም። ማሰብ የነበረባት ያኔ ነበር፤ ግን የእኛን አገር ሰው ታውቁታላችሁ። ድስት የጣደ ሰው ለጎረቤት ሳያቀምስ አይበላም፤ የጎረቤት ሐቅ አለበት። በየሳምንቱ በአንድ ለአምስቱ ስብሰባ ስለ ንጽሕና፣ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ክትባት ይነገራል፤ ኪኒን እንደ ዳቦ አይቆረስም ብሎ የነገራት ግን የለም። «መድኃኒት ቤቴ ተቀምጦ የጎረቤቴ ልጅ ስትሞት ባይ፣ ለአላህ ምን እመልሳለሁ?» አለች። በማግስቱ ጠዋት ኪኒኗን መስመሯ ላይ ጫን አለቻት። ግማሹ ለእኔ፣ ግማሹ ለብርቄ ሆነ። የራሷን አታካፍል ነገር፣ የእሷ የትልቅ ሰው ነው፤ ልጅ እንዳይመርዝ ፈራች።

የሚገርመው ደግሞ ሠራ! ብርቄ ወዛች። ጆሮዋ ደረቀ፣ ገመድ ስትዘል ከእኔ በለጠች። እኔም ምንም አልሆንኩም። እማ በደስታ «ሰደቃዬን ጀሊሉ ተቀበለኝ» ትላለች። በየወሩ ሰው ሳይነቃ ተሸፋፍነን ክፍሉ ስንሄድ ሲስተሯ ብልቃጡን ታያለች፤ ባዶ ነው። አንድም አልተረፈም፣ አንድም አልጎደለም። «ጎበዝ እናት! ሁሉም እንዳንቺ ቢሆን» እያለች ታመሰግናታለች። እማ መሬት መሬት ታያለች።

ዓመት ሳይሞላ ምላሴ እርጎ የተቀባ መሰለ። መጀመሪያ ምች ነው ተባለ፤ ዳማከሴ ተጨመቀልኝ። ከዚያ ምግብ ስውጥ ደረቴን እሾህ ይወጋኝ ጀመር። የግል ክሊኒክ ሄድን። ደም ወሰዱና «ታይፎይድና ታይፈስ» አሉ። በዚያን ጊዜ ታይፎይድና ታይፈስ የሌለበት ሰው በአገራችን ያለ አይመስለኝም፤ ገብቶ ሁለቱን ሳይዝ የሚወጣ የለም። መርፌውን ጨረስኩ፤ ለውጥ የለም። ተቅማጡ ተከተለ። ቀሚሴ ሰፋብኝ። ከዚያ በጎኔ በኩል እሳት የሚለበልበኝ ቁስል ወጣ፤ አልማዝ ባለጭራ የሚሉት። በልጅነቱ ኩፍኝ መሰል ሽፍታ ያወጣ ሰው ሰውነቱ ሲደክም የሚነሳበት በሽታ ነው ብለው ኋላ ነገሩኝ። ያኔ ግን ልብስ ሲነካኝ እጮህ እንደነበር ብቻ ነው የማስታውሰው።

ቁርአን ያስቀሩኝ የነበሩት ሸኽ ዱአ አደረጉልኝ። ሲጨርሱ ግን እማን ጠርተው «ፋጡማ፣ ዱአው ከእኔ፣ ሐኪሙ ከአንቺ። ነገ ዛሬ አትበይ» አሏት። ደግ ሰው ነበሩ፤ አላህ ይማራቸው።

ሲስተሯ ሚዛን ላይ አቁማኝ ደነገጠች። ብልቃጡን አየች፤ ባዶ ነው። «መድኃኒቷን እየወሰደች እንዴት?» አለች። ቲቢ ይሆናል ብላ አክታ አስመረመረች፤ የለም። ወደ ደሴ ጻፈችልን። እማ እዚያ ቆማ ልትናገር አፏን ስትከፍት አየኋት። ከዚያ ዘጋችው። ብትናገር የእትዬ ጥሩዬን ቤት ማፍረስ ነበር።

የደሴውን መንገድ አትጠይቁኝ። ጉጉፍቱ የሚባለው ደጋ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ተቅማጡም እዚያው ነው የመጣብኝ። እማ «ወራጅ! ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች፤ አውቶቡሱ ቆመ። ሜዳ ነው፣ መደበቂያ የለም፣ ሰው ሁሉ በመስኮት ያያል። ከኋላ ወንበር አንዲት የማናውቃት አሮጊት አብራን ወረደችና ነጠላዋን ዘርግታ ጋረደችኝ። አንዱ ተሳፋሪ «እንሂድ እንጂ!» ብሎ ሲያጉረመርም፣ «አንተ ስትወለድ እየዘመርክ ነው የወጣኸው? ጠብቅ!» አለችው። ያን ቀን በሕመሜ ላይ የሳቅኩት እሷ ባለችው ነው።

ደሴ ደሜ ተወስዶ አዲስ አበባ ተላከ፤ ውጤቱ እስኪመጣ እዚያው ተኛን። የልጆች ክፍል ነው። ከጎኔ የተኛች ከሐይቅ አካባቢ የመጣች ልጅ ነበረች፤ ስሟን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳት። የብርቱካን ልጣጭ ጥርሷ ላይ አድርጋ ታስቀኝ ነበር። አንድ ጠዋት ስነቃ ፍራሹ ተጠቅልሎ ጽዳቷ ሴትዮ አልጋውን በበረኪና ታጥባለች። «የት ሄደች?» ስል እማ «አገሯ» አለችኝ። አገሯ እንዳልሄደች አወቅኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓይኔን ለመጨፈን ፈራሁ። ስተኛ የሚጠቀለለው ፍራሽ የእኔ ይመስለኛል።

ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሯ አስጠራችን። ወጣት ናት፣ ድምጿ ቀስ ያለ ነው። ወረቀቱን አየት አድርጋ «ቫይረሱ በጣም ብዙ ነው። መድኃኒቱ እየሠራ አይደለም» አለች። ከዚያ እኔን አየችኝ። «ሉባባ፣ በየቀኑ ትውጫለሽ?»

«አዎ።» ውሸት አይደለም፤ በየቀኑ እውጣለሁ።

«ሙሉዋን?»

ወደ እማ ማየት ፈራሁ። ካየኋት የተናገርኩ መሰለኝ። ከዚያ እማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ዶክተር። ለሌላ ልጅ አካፍዬባት ነው። ልጄን ገደልኳት ወይ?» አለች።

ዶክተሯ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች።

«ቁርአን ቤት ትሄጃለሽ አይደል? ሉሁ ላይ ከሸኽሽ ጽሑፍ ስትገለብጪ አትሳሳቺም?»

ሉህ የምንጽፍበት የእንጨት ሰሌዳ ነው። «እሳሳታለሁ» አልኳት።

«ስትሳሳቺ ምን ያደርጋሉ?»

«አጥፍተው እንደገና ያስጽፉኛል።»

«ቫይረሱ ግን የሚያርመው የለም። ደምሽ ውስጥ ቀንና ሌሊት ራሱን ይገለብጣል። ስለሚቸኩል ይሳሳታል። አብዛኛው ስህተት ራሱን ቫይረሱን ነው የሚጎዳው። አልፎ አልፎ ግን ከስህተቱ መድኃኒቱ የማያውቀው አዲስ መልክ ይወጣል። መድኃኒት ሙሉ ሲሆን ጭራሽ አያስጽፈውም። ግማሽ ሲሆን ግን ደካማውን ያጠፋና ያንን አዲሱን ይተወዋል፤ ቦታ ለቀቀለት ማለት ነው። የሰውነቱ መከላከያ የደከመ ልጅ ላይ ደግሞ የሚያቆመው የለም። ረጅም ጊዜ አግኝቷል፣ ብዙ ጽፏል።»

ከዚያ ወደ እማ ዞረች። አዲስ መድኃኒት እንደምትሰጠን ነገረችን። «ይህ ሁለተኛው ነው። ይህንንም ከለመደው በእጄ ሌላ የለኝም። ሦስተኛ የሚባል እዚህ የለም፣ እማማ። ገባዎት? ይህ ኪኒን አይሰበርም፣ አይፈጭም፣ አይካፈልም። ያቺን ልጅ ደግሞ አምጡልኝ። እሷም ላይ ያው ነው እየሆነ ያለው።»

በዚያ ሳምንት ያደረብኝን ፍርሃት ምን ብዬ ልንገራችሁ። ጆሮዬን ትራስ ላይ ሳደርግ የልቤን ምት እሰማለሁ፤ እኔ ግን ሲጽፍ የምሰማው ይመስለኝ ነበር። በደሜ ውስጥ ሆኖ፣ የሚያርመው ሸኽ ሳይኖር፣ ይገለብጣል፣ ይሳሳታል፣ ይገለብጣል። «እማ፣ አሁንም እየጻፈ ነው?» እላታለሁ። «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» ትለኛለች፤ እጇ ግን በረዶ ነው።

አዲሷ ኪኒን ትልቅ ናት፣ ጉሮሮ ላይ ትቆማለች፣ ሆድ ትገለብጣለች። ቤት በገባን ምሽት እትዬ ጥሩዬ እንደ ልማዷ መጣች፤ ብርቄም ከኋላዋ ቀሚሷን ይዛ ቆማለች። እማ በሩ ላይ ሆና ሁሉንም ነገረቻት።

«ነገ በጠዋት እጇን ይዤ ራሴ ክፍሉ አስገባታለሁ። ሰው ካየ እኔን ይይ። አንቺ ቤትሽ ተቀመጪ።»

«አንቺ ስትገቢ ታይተሽ፣ ልጄን ይዘሽ? አገር ሁሉ እንዲያውቅ?»

«ጥሩዬ፣ የልጄን መስጠት አልችልም። ወላሂ አልችልም።»

እትዬ ጥሩዬ ፊቷ ጠቆረ። «ለካስ እስከዛሬ ለነፍስሽ ነው እንጂ ለልጄ አልነበረም» አለቻት። እማን እንዲህ ያለ ቃል የተናገራት ሰው አላውቅም። ብርቄን ጎትታ ሄደች። እኔ ደግሞ እውነቱን ልናገርና፣ ኪኒኗ ባለመሰበሯ ደስ አለኝ። መሞት ፈርቼ ነበር።

ከዚያ ቤታችንና ቤታቸው ተኮራረፈ። ግን ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ኩርፊያ ሳል አያግድም። ብርቄ ማታ ማታ ትስላለች። እኔ ሙሉዋን ስውጥ፣ እሷ ግድግዳው ማዶ ትስላለች። እማ ሰግዳ ስትጨርስ እጇን ዘርግታ ለረጅም ጊዜ ትቀመጣለች። ሳሉ እየደከመ፣ እየጠለቀ ሲሄድ፣ አንድ ቀን ከሰዓት ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች። ጋሽ አያሌው ከወረኢሉ መመለሱን አይታለች። እኔም ተከተልኳት። ግቢያቸው ውስጥ በሬ እያሰረ ነበር።

«አያሌው፣ የማይነገር ልነግርዎ ነው። ከፈለጉ ይምቱኝ» አለችው። ነገረችው። የራሷን፣ የእኔን፣ የብርቄን፣ ሁሉንም። እትዬ ጥሩዬ በሩ ላይ ቆማ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። አሁን ያርዳታል ብዬ የእማን ቀሚስ ያዝኩ።

ጋሽ አያሌው ገመዱን ለቀቀ። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ከኮቱ የውስጥ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣና ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ብልቃጡን አወቅኩት፤ የእማን ነው የሚመስለው። ለካስ ወረኢሉ የሚመላለሰው ለከብት ብቻ አይደለም። እሱም እዚያ፣ የሚያውቀው ሰው በሌለበት፣ ከሚስቱ ተደብቆ መድኃኒት ይወስዳል!

«እኔ አንቺ እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው» አላት ለእትዬ ጥሩዬ።

እኔ ግን ያን ቀን የተናደድኩትን ያህል በሕይወቴ ተናድጄ አላውቅም። አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱ ይደባበቃሉ፤ ልጅቷ በእኔ ግማሽ ኪኒን ትኖራለች! ዛሬም ሳስበው መርፌዬን እጥላለሁ።

በማግስቱ ብርቄን ደሴ ወሰዷት። ዶክተሯ የእኔን ዓይነት ጀመረችላት። እኔ ቀስ በቀስ ምግብ መብላት ጀመርኩ፤ ምላሴ ጠራ፣ ቁስሉ ደረቀ፣ ጠባሳው ብቻ ጎኔ ላይ ቀረ። ከወራት በኋላ እንደገና ደሜ ተላከ። ያን ወረቀት የጠበቅንበትን አግዳሚ ወንበር አልረሳውም። እማ መቁጠሪያዋን ይዛ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ዶክተሯ በሩን ከፍታ ከሩቅ ሳቀች። «አይታይም! ማሽኑ ሊያየው እስከማይችል ድረስ አንሷል» አለች። አልጠፋም፣ ተኝቷል ማለት ነው ብላ አስረዳችን። ሙሉ መድኃኒት እስካለ አይነሳም። እማ እዚያው ኮሪደር ላይ ሱጁድ ወረደች።

ብርቄ ግን አልደረሰችበትም። የገባችው ሰውነቷ ካለቀ በኋላ ነበር፤ ሳንባዋ አልቻለም። መድኃኒቱ ጥሩ ነው፣ ጊዜ ግን ይፈልጋል፤ እሷ ጊዜ አልነበራትም። የእኔ የምሥራች በተሰማ በሁለተኛው ሳምንት መካነ ሰላም አምጥተው ቀበሯት።

ይህን የምታነቡ እናቶችና አባቶች፣ እንደ ልጅ ልለምናችሁ። ልጃችሁ ስለወዛ ዳነ አትበሉ፤ እኔም ብርቄም ወዝተን ነበር። እህል አካፍሉ፣ ልብስ አካፍሉ፣ ኪኒን ግን አታካፍሉ። የጎረቤታችሁ ልጅ ከታመመች መንገዱን አካፍሏት፤ እጇን ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ ሲጠይቃችሁ ደግሞ እውነቱን ንገሩት፤ ሐኪም ያልተነገረውን አያክምም።

ለቅሶው ላይ መሄድ ፈርቼ ነበር። እሷ ሞታ እኔ ወፍሬ ድንኳን መግባት አቃተኝ። እማ ጎትታ ወሰደችኝ። ሰዉ ሙሉ ነው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። እኔ ጥግ ይዤ፣ እትዬ ጥሩዬ እንዳታየኝ ከእማ ጀርባ ተደብቄያለሁ። ቀኑ ጨልሟል፤ የኪኒኔ ሰዓት ደርሷል። ኪኒኗ በእማ መቀነት ጫፍ ተቋጥራለች። ተነስተን እንዳንወጣ ሰው ያየናል፣ እዚያው እንዳልውጥ ያው ሰው ያየኛል። እማ ትቁነጠነጣለች።

እትዬ ጥሩዬ ከፍራሹ ላይ ተነሳች። ድምጿ በልቅሶ ጠፍቷል። በሰው መሃል ቀጥታ ወደ እኛ መጣች። በቃ አሁን ትረግመኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ፋጤ፣ የልጅቷ ሰዓት አልደረሰም?»

«ቤት… ቤት ስንገባ ትወስዳለች» አለች እማ በሹክሹክታ።

«እዚሁ ትዋጥ» አለች እትዬ ጥሩዬ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ። «የእኔን ደብቄ ደብቄ ነው የቀበርኳት።»

ጋሽ አያሌው ራሱ ውሃ ቀድቶ አመጣ። እማ መቀነቷን ፈታች፤ ኪኒኗን ሰጠችኝ። ዋጥኳት፤ ጉሮሮዬ ላይ ቆመች፣ ከዚያ ወረደች።

«አፍሽን ክፈቺ» አለችኝ እትዬ ጥሩዬ።

ከፈትኩ። አገጬን ይዛ ወደ መብራቱ አዞረችኝ፤ ምላሴን አስነሳችኝ፤ ጉንጬን በጣቷ ገልጣ አየች። ምንም እንዳልቀረ ስታውቅ ግንባሬን ሳመችና ወደ ለቅሶዋ ተመለሰች።